የአሮጌ መኪና ፍሬቻ ሲያስቸግር ከማሳው ሽቦ ጀምሩ

ፍሬቻ አልሠራ ሲል ብዙዎቻችን ፍላሸር፣ ማለትም መብራቱን ብልጭ ድርግም የሚያደርገውን ዕቃ፣ ለመግዛት እንሮጣለን። እኔም የተማርኩት ሁለት ፍላሸር በከንቱ ከገዛሁ በኋላ ነው። ከጎንደር መተማ የሚመላለሰው አሮጌው የጭነት መኪናዬ፣ የቀኝ ፍሬቻ ባበራሁ ቁጥር የኋላው የፓርኪንግ መብራት አብሮ ብልጭ ድርግም ይል ነበር። ይህን ካያችሁ ማሳውን፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን ከመብራቱ በመኪናው ብረት በኩል ወደ ባትሪው የሚመልሰውን ግንኙነት፣ ጠርጥሩ፤ ኤሌክትሪኩ መመለሻ አጥቶ በጎረቤቱ አምፖል በኩል መውጫ እየፈለገ ነው።

ማረጋገጫው አንድ ቁራጭ ሽቦ ነው። አንዱን ጫፍ ንጹሕ የሻሲ ብረት ላይ፣ ሌላውን የመብራቱ ማሳ ላይ አስነኩ። (ማሳው መሆኑን ለዩ፤ ኃይል ያለበትን ከነካችሁ ፊውዝ ታቃጥላላችሁ።) መብራቱ ከተስተካከለ በሽተኛው ተገኘ። የእኔን ስፈታው ብሎኑ ሥር የአዘዞ ጭቃ ደርቆ፣ የሽቦው ራስ አረንጓዴ ዝገት ለብሶ ነበር። ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ፣ አጥብቄ አሰርኩና ግራሶ ቀባሁት። ክረምቱን ሙሉ አላስቸገረኝም።

ብልጭታው በአንድ ወገን ብቻ ከወትሮው ከፈጠነ ግን የዚያን ወገን አምፖሎች እዩ፤ ብዙ ጊዜ አንዱ ተቃጥሏል። ስትቀይሩ ባለ 24 ቮልት መኪና ላይ የ12 ቮልት አምፖል እንዳትከቱ። ሁለቱም ወገን ጠፍቶ የአደጋ ጊዜው ብልጭታ ከሠራ፣ ሁለቱ አንድ ፍላሸር በሚጋሩበት መኪና ፍላሸሩ ደህና ነው፤ ፊውዙንና መሪው ሥር ያለውን ማብሪያ ፈትሹ።