የሀዋሳን የእግረኛና የሳይክል መስመር ስትነድፉ አደራ እነዚህን ተዉ

ሀዋሳ ሜዳ ናት፣ ሳይክል ነጂውም ድሮም ሞልቷል፣ ስለዚህ እዚህ ከተማ "ሳይክል ልመዱ" እያሉ መስበክ ትርፍ ስራ ነው። ያለው ነጂ በሰላም ቤቱ ይግባ፣ በቃ። የማያቸው ፕላኖች ላይ ግን ሁሌ የሚደጋገም ጥፋት አለ።

አንዱ ካርታ ላይ ማስመር ነው። ከታቦር ተራራ ስር ተነስቶ ሐይቁ ዳር ያለው ፍቅር ሐይቅ የሚደርስ አሪፍ ሰማያዊ መስመር ይሳላል፣ ለፎቶ ያምራል። ሰው ግን ወደ ገበያ፣ ወደ መናኸሪያ፣ ወደ ትምህርት ቤት ነው የሚሄደው፣ ያውም ባገኘው አቋራጭ። የተረገጠውን ሳር አይታችሁ እሱን ተከተሉ።

ሳይት የምታዩት ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ብቻ ከሆነም አላያችሁትም። ማታ 1 ሰዓት ላይ ውጡ። ከኢንዱስትሪ ፓርኩ በጨለማ የሚመለሱትን ልጆች በየት ነው የምትሄዱት በሏቸው፣ አጭሩን መንገድ ትተው መብራትና ሱቅ ባለበት ዞረው እንደሚሄዱ ይነግሯችኋል።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። መስመሩ ቀጥታው ላይ ሰፊ፣ ቆንጆ፣ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ይሆንና አደባባይ ጋ ሲደርስ ያልቃል!! አንድ ጎበዝ ወጣት ኢንጅነር ፕላኑን ይዞልኝ መጣ፣ "እዚህ ጋ ሳይክሉ ምን ይሆናል?" አልኩት፣ "ወርዶ ይግፋ ጋሼ" አለኝ። እስቲ አንተ ሁለት ጀሪካን ውሃ ኋላ ጭነህ ከባጃጅና ከሲኖትራክ መሀል ግፋው። ሳይክል ነጂ የሚገጭበት አንዱ ቦታ እኮ እዚያው ነው፣ ቀጥታው ላይ ሹፌሩ ሳይክሉን ከሩቅ ያየዋል፣ አደባባይ ላይ ግን ከግራ የሚመጣውን መኪና እያየ በቀኝ ሲወጣ ዳር ዳሩን የሚዞረውን ሳይክል ይቆርጠዋል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ላይ ያለ መኪና በ1 ሰከንድ 14 ሜትር ገደማ ይሄዳል፣ ሹፌሩ ደንግጦ ፍሬን እስኪረግጥ ማለት ነው፣ 30 ላይ ከሆነ 8 ሜትር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ፍጥነቱን ግደሉት። መታጠፊያውን አጥብቡት፣ ዜብራውን ከፍ አድርጉትና ከአደባባዩ አንድ መኪና የሚያቆም ያህል አርቁት፣ መሀል ላይ ሰው ቆሞ የሚጠብቅበት ደሴት ስሩ፣ እናትየዋ ከነልጇ በሁለት ዙር ትሻገር። ብሩ ካነሰ ቀጥታውን ተዉትና መስቀለኛውን ስሩ። ይሄን ስንቴ ልናገር!

ቀለም ብቻ ቀብቶ መሄድም አለ። በሳምንቱ የባጃጅ ፌርማታ ይሆናል። ባጃጁ ላይ አትፍረዱ፣ ሰው የሚያወርድበት ቦታ አልሰጣችሁትማ። ለሱ ከመንገዱ ገባ ያለ ማቆሚያ ኪስ አውጡለት፣ ከዚያ የሳይክሉን መስመር በከርብ፣ ማለትም ከፍ ባለ የድንጋይ ጠርዝ፣ ለዩት።

የዲች (የጎርፍ ቦይ) ክዳን ክፍተቱ ወደ ጉዞው አቅጣጫ ከሆነ የሳይክል ጎማ ይውጣል፣ አግድም ይሁን። ክዳኑ የተሰረቀበትን ዲች የእግረኛ መንገድ ስፋት ውስጥ የምትቆጥሩም አላችሁ፣ አይ እናንተ። ንጹህ 2 ሜትር ሲቀር ነው መንገድ የሚባለው።

ለማስፋት ብላችሁ ዛፍ አትቁረጡ፣ ያለ ጥላ በ8 ሰዓት ማን ይሄዳል።

ሐምሌ 19 እና ታኅሣሥ 19 ገብርኤል ጋ ያለውን ህዝብ አይታችሁ ታውቃላችሁ፣ ግን ፕላናችሁ ላይ የለም።

የእግረኛ ድልድይ የምትሉኝ ደግሞ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸውን እማማ ይዛችሁ ያንን ደረጃ ወጥታችሁ ውረዱና ከዚያ እናውራ፣ እስከዚያው ግን ሰዉ በስሩ ነው የሚያቋርጠው።