ከዓሣው በፊት ወረቀቱን

የጥልቅ ባሕር ፍጥረታትን መሰብሰብ የሚጀምር ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚመኘው ግንባሩ ላይ መብራት ያንጠለጠለውን ጥርሳም ዓሣ ነው። እኔም ተመኝቼዋለሁ። በእርሱ ግን አይጀምሩ። ሥጋው ልል፣ ውኃ የበዛበት ስለሆነ አልኮል ውስጥ ይጨማደዳል፤ ከጊዜ በኋላ ብልቃጡ ውስጥ የሚቀረው የተጨመቀ ጨርቅ የሚመስል ነገር ነው።

በግዙፉ አይሶፖድ ይጀምሩ። የሸርጣን ዘመድ ነው፤ 14 እግሮች አሉት፤ ርዝመቱ ከ30 ሴንቲ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ፈረንሳዊው አልፎንስ ሚልን ኤድዋርድስ እ.ኤ.አ. በ1879 ለሳይንስ ያስተዋወቀው ይህ ፍጥረት ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ የጀማሪን ስሕተት ይታገሣል።

ከመግዛትዎ በፊት ሻጩን ይጠይቁ፦ የት ተያዘ? በምን ያህል ጥልቀት? መቼ? በምን ፈሳሽ ቆየ? «አላውቅም» ካለ ትተውት ይሂዱ። ታሪኩ የጠፋ ናሙና ለእኔ ጌጥ ብቻ ነው። መልሱን በወፍራም ወረቀት ላይ በእርሳስ ጽፈው ብልቃጡ ውስጥ ያስገቡት። የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይሟሟል፤ ውጭ የተለጠፈ ወረቀት ደግሞ አንድ ቀን መውደቁ አይቀርም። በነገራችን ላይ፣ አልኮል የሽሪምፕን ቀይ ቀለም አጥቦ ስለሚያነጣው፣ በፈሳሽ ውስጥ ለዓመታት ቆየ የተባለ ደማቅ ቀይ ሽሪምፕ ቢያቀርቡልዎ ይጠርጥሩ።

ሥጋ እንዳይበሰብስ መጀመሪያ ፎርማሊን በተባለ ኬሚካል ይታከማል። ይህን ቤትዎ ውስጥ አይሞክሩት፤ ፎርማሊን ካንሰር አምጪ ነው። ታክሞ ያለቀውን ገዝተው ኢታኖል በተባለው አልኮል፣ በ70 በመቶው፣ ያኑሩት።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። ጎኑ እንደ መጥረቢያ ስለት የሳሳ፣ እንደ ብር የሚያብረቀርቅ ትንሽ ዓሣ ነበረኝ። ፈሳሹ ሲጎድል ውኃ እጨምር ነበር፤ ቁጥብ መሆኔ ነበር! ከብልቃጥ ውስጥ ከውኃው ይልቅ ቀድሞ የሚተነው አልኮሉ ነው። እኔ ደግሞ ውኃ እየጨመርሁ የቀረውን ይበልጥ አቀጠንሁት። በሁለተኛው ዓመት ክዳኑን ስከፍት ሽታው ወደ ኋላ አስፈነጠረኝ፤ ዓሣው በመቆንጠጫ ስነካው ፈረሰ። ዛሬ የአልኮል መለኪያ አለኝ፤ የፈሳሹ ኃይል ከቀነሰ ሙሉ በሙሉ እለውጠዋለሁ።

የደረቁ ናሙናዎች ሌላ ጠላት አላቸው፤ ብል። አዲስ የገባ ደረቅ ሸርጣን በፕላስቲክ ከረጢት ታሽጎ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ውስጥ ሁለት ሳምንት ሳይቆይ ከሌሎቹ ጋር አይቀመጥም። የቀንድ አውጣና የመሳሰሉትን ቅርፊት በኦክ እንጨት ሣጥን አያስቀምጡ፤ እንጨቱ የሚለቀው አሲድ ቅርፊቱን ይበላዋል። ብል የማይነካው የመስታወት ስፖንጅ የተባለው የባሕር እንስሳ ነው፤ አጽሙ መስታወት ከሚሠራበት ከሲሊካ የተሠራ ነው። በአንዳንዱ ውስጥ ትንሽ ሳሉ ገብተው፣ ካደጉ በኋላ መውጫ ያጡ ጥንድ ሽሪምፖች ይገኛሉ። የእኔ ባዶ ነው፤ አሁንም ይቆጨኛል።

ኮራልና ናውቲለስ (ጥቅል ቅርፊት ያለው የኦክቶፐስ ዘመድ) ሲገዙ ፈቃዱን አስቀድመው ይጠይቁ። ናውቲለስ ከ2017 ጀምሮ፣ ጥቁር ኮራልም ከዚያ በፊት ጀምሮ፣ የዱር እንስሳትንና ዕፅዋትን ንግድ በሚቆጣጠረው ሳይቴስ በተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ንግዳቸው ቁጥጥር ይደረግበታል። ሲላካንት የተባለውን ጥንታዊ ዓሣ ግን በዓለም አቀፍ ገበያ መገበያየት የተከለከለ ነው።

መደርደሪያው ከፀሐይና ከእሳት ይራቅ፤ አልኮሉ ይቀጣጠላል። በመጨረሻም የፈሳሹ ጫፍ በሚደርስበት ቦታ ብልቃጡ ላይ ቀጭን ፕላስተር ይለጥፉ። እኔ በየወሩ መጀመሪያ ከፍጥረቱ በፊት የማየው ያንን ምልክት ነው።