ሲግናል ላይ ጓደኞቼ የት ገቡ? ችግርና መፍትሄ

ከቴሌግራም ሲግናል ወደሚባለው የመልእክት መላላኪያ አፕ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ሰዎቹ የታሉ?» ብሎ ነው። ቴሌግራም ገና ስትከፍቱት እገሌ ገባ፣ እገሊት ገባች እያለ ጆሯችሁን ያደነቁረዋል። ሲግናል ግን ጭጭ ነው። ብዙ ሰው ተበላሽቷል ብሎ ያጠፋዋል። ምንም አልሆነም። የጋራ ጓደኞቻችሁን የማይነግራችሁ ስለማያውቃቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የሲግናል ባለቤቶች አሜሪካ ውስጥ በሕግ ተገደው የአንድ ተጠቃሚን መረጃ አምጡ ሲባሉ ያቀረቡት አካውንቱ የተከፈተበትን ጊዜና ለመጨረሻ ጊዜ የተገናኘበትን ቀን ብቻ ነበር። የጓደኛ ዝርዝር እነሱም ጋ የለም።

ስለዚህ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ያለው እኛው ስልክ ላይ ነው።

«ባዶ ነው፣ ማንም አይታየኝም»

አፑ ኮንታክታችሁን እንዲያይ አልፈቀዳችሁለትም። አንድሮይድ ላይ አይኮኑን ጫን አድርጋችሁ ያዙና አፕ ኢንፎ፣ ከዚያ ፐርሚሽንስ ውስጥ ገብታችሁ ኮንታክትስን ፍቀዱ። አይፎን ላይ ሴቲንግስ ውስጥ ሲግናልን ፈልጉ። እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ፦ ከአይኦኤስ 18 ወዲህ አይፎን ኮንታክትን በከፊል መፍቀድ ያስችላል፤ ያኔ በችኮላ ሦስት ሰው መርጣችሁ ካለፋችሁ እስከዛሬም የሚታዩት እነዚያው ሦስቱ ናቸው።

«እህቴ ሲግናል አላት፣ ቁጥሯም ስልኬ ላይ አለ፣ ግን አትመጣም»

ይሄኛው በተለይ ውጭ አገር ያላችሁትን ይመለከታል። ቁጥሯን 0911 ብላችሁ ነው የመዘገባችሁት አይደል? ሲግናል የአገር ኮድ የሌለው ቁጥር ሲያገኝ እናንተ የተመዘገባችሁበት አገር ቁጥር ነው ብሎ ይወስደዋል። በአሜሪካ ቁጥር ከተመዘገባችሁ የእህታችሁን 0911 የአሜሪካ ቁጥር ሊያደርገው ይታገላል፣ ዱባይ ከሆናችሁም የዱባይ፣ እና እንደዚያ ዓይነት ሰው የለም። መፍትሄው ዜሮዋን አጥፍቶ +251 ማስገባት ነው። የኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ +2519 ብሎ ይጀምራል፣ የሳፋሪኮም ከሆነ +2517። ዜሮዋን ሳያጠፉ +25109 የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔም ብያለሁ፣ ልክ አይደለም። አገር ቤት ያላችሁም በተራችሁ የአሜሪካ ዘመዶቻችሁን ቁጥር ከፊቱ +1 መኖሩን እዩ።

ኮዱ ልክ ሆኖም ካልመጣች በየትኛው ሲም እንደተመዘገበች ጠይቋት። አሁን ስንቱ ሰው ነው አንድ 09 እና አንድ 07 ይዞ የሚዞረው! ሲግናል የሚያውቀው የተመዘገበችበትን ቁጥር ብቻ ነው፤ እናንተ ሌላኛውን ይዛችሁ ከሆነ ዓመት ብትጠብቁም አትታይም።

ሦስተኛው ምክንያት ራሷ ናት። ሴቲንግስ፣ ፕራይቬሲ፣ ፎን ነምበር ውስጥ «በቁጥሬ ማን ያግኘኝ» የሚለውን «ማንም» ላይ አድርጋው ይሆናል። ያኔ ቁጥሯ በትክክል ቢኖራችሁም አፑ የለችም ይላችኋል። ሳትነግራችሁ ያደረገችው እናንተን ጠልታ ላይሆን ይችላል፣ ዝም ብላችሁ ዩዘርኔሟን (በቁጥር ፋንታ ሰው የሚገኝበትን መለያ ስም) ጠይቁ።

«ዩዘርኔሙን ፈልጌ አጣሁት»

ዩዘርኔም የመጣው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው፤ አጠቃቀሙም ከቴሌግራሙ ይለያል። ግማሹን ጽፋችሁ የሚመስሉትን አያወጣላችሁም። ሙሉውን፣ በላቲን ፊደል፣ መጨረሻው ላይ ካለችው ነጥብና ከቁጥሮቹ ጋር (ቢያንስ ሁለት ናቸው) መጻፍ አለባችሁ። ብዙ ሰው የሚያጣው ቁጥሮቹን ስለሚተው ነው። ሌላው ስህተት ፕሮፋይል ላይ የሚታየውን ስም መፈለግ ነው፤ እሱ ሌላ፣ ዩዘርኔም ሌላ። በዚያ ላይ ሰውየው በፈለገ ጊዜ ይቀይረዋል፣ የድሮው ያኔ አይሠራም። ከመጻፍ ይልቅ ሊንኩን ወይም ኪውአር ኮዱን ይላክላችሁ፣ ትገላገላላችሁ።

«የጋራ ጓደኛ የሚባለው የቱ ጋ ነው?»

የለም። ያለው የጋራ ግሩፕ ነው። የሰውየውን ቻት ከፍታችሁ ከላይ ስሙን ስትነኩ ወደ ታች አብራችሁ ያላችሁባቸው ግሩፖች ይደረደራሉ። እንደኔ ከጓደኛ ዝርዝር ይሻላል፤ «ይቺን የማውቃት ከሰፈር ልጆች ነው ወይስ ከዩኒቨርሲቲ?» ለሚለው መልሱ እዚያው አለ።

ግሩፕ ውስጥ ያለን ሰው ስሙን ነክታችሁ መጻፍ ትችላላችሁ፣ ቁጥሩን ማወቅ አያስፈልግም። ስለዚህ የድሮ ጓደኛ የምትፈልጉ ከሆነ ሁለታችሁንም የሚያውቅ ሰው ሦስታችሁን አንድ ግሩፕ ውስጥ ያስገባችሁ። ኮንታክት መላክም ይቻላል፣ ግን የሚሄደው ቁጥሩ ነው። ቁጥሯን ደብቃ የምትኖርን ሰው ሳታስፈቅዱ ቁጥሯን ማደል ነውር ነው።

«የማላውቀው ሰው የእገሌ ጓደኛ ነኝ ብሎ ጻፈልኝ»

ስምና ፎቶ ማንም የፈለገውን ያደርጋል፣ የአጎታችሁንም ጭምር። ሲግናል ሰውየውን ትቀበሉት እንደሆነ ሲጠይቃችሁ የጋራ ግሩፕ ካላችሁ ከስሙ ሥር ይጽፋል፣ መጀመሪያ እሱን እዩ። ምንም ከሌለ አትቸኩሉ። እስክትቀበሉት ድረስ መልእክቱን እንዳነበባችሁ አያውቅም፣ ስለዚህ ይሉኝታ አይያዛችሁ። ለእገሌ በተራ ስልክ ደውላችሁ «እንዲህ የሚባል ሰው ታውቃለህ?» በሉት። አውቀዋለሁ ካለ ተቀበሉ፤ ያኔ ስማችሁና ፎቷችሁ ለሰውየው ይታያል። አላውቀውም ካለ ብሎክ፣ እዚያው ሪፖርት የሚለውንም ንኩት።