በዐቢይ ጾም የገባነውን ቃል የሚያፈርሱ ስህተቶች

በእኛ በካቶሊኮች ዘንድ ዐቢይ ጾም በሚጀምርበት በዐመድ ረቡዕ ዕለት ካህኑ «ንስሐ ግቡ፣ በወንጌልም እመኑ» እያለ ዐመዱን ይቀባናል። በዚያው ቀን ብዙዎቻችን የምንተወውን ወይም የምንጀምረውን አንድ ነገር እንወስናለን። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ውሳኔው ይላላል፣ በሦስተኛው ጭራሽ ይረሳል። እኔም ለዓመታት እንዲሁ ነበርኩ። የምጽፋቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የራሴ ናቸው።

ከአቅም በላይ መያዝ

በየቀኑ ቅዳሴ፣ ሙሉ መቁጠሪያ፣ ጣፋጭ መተው፣ ስልክ መቀነስ፣ መንፈሳዊ መጽሐፍ መጨረስ፤ ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ የጀመረ ሰው ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይጥላል። አንድ ነገር ይበቃል። ቢበዛ ከጸሎት አንድ፣ ከጾም አንድ፣ ከምጽዋት አንድ ያዙ። ቃሉም ቁርጥ ያለ ይሁን። «በደንብ እጸልያለሁ» ያለ ሰው ማታ ራሱን የሚጠይቅበት ነገር የለውም። «ጠዋት ከቤት ሳልወጣ የዕለቱን ወንጌል 10 ደቂቃ አነባለሁ» ያለ ግን ማድረጉንና አለማድረጉን ያውቃል።

የቤተ ክርስቲያንን ሕግና የራስን ቃል ማምታታት

ይህ በሁለት በኩል ይጎዳል። አንዳንዱ የራሱን ውሳኔ ሲጠብቅ ግዴታውን ይረሳል። በላቲን ሥርዓት የዐመድ ረቡዕና ዓርብ ስቅለት የጾም ቀናት ናቸው፤ በቀን አንድ ሙሉ ማዕድ ይበላል፣ ሁለት ቀለል ያሉ ምግቦችም ይፈቀዳሉ። ይህ ጾም ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 59 ለሆነ ነው። በእነዚህ ቀናትና በጾሙ ዓርቦች ደግሞ 14 ዓመት የሞላው ሁሉ ከሥጋ ይታቀባል። ዝርዝሩን የየአገሩ ጳጳሳት ጉባኤ ሊወስን ይችላል፤ የምሥራቅ ሥርዓት ካቶሊኮችም የየራሳቸው ሕግ አላቸው።

ሌላው ደግሞ ጣፋጭ እተዋለሁ ብሎ አንዲት ከረሜላ ስለቀመሰ ከባድ ኃጢአት የሠራ ይመስለውና ይጨነቃል። ተራ ውሳኔ ስእለት አይደለም። ሕገ ቀኖና በቁጥር 1191 ስእለትን ታስቦበትና በነጻነት ለእግዚአብሔር የሚገባ ቃል ይለዋል። እንዲህ አስቦ ራሱን በስእለት ያሰረ ሰው ካለ ቆሞሱን፣ ማለትም የቁምስናውን ካህን ያማክር። ሌሎቻችን ግን ያፈረስነው የፈቃድ ውሳኔ ነው፤ ያሳዝናል እንጂ በራሱ ኃጢአት አይሆንም።

ክብደት ለመቀነስ መጾም

ክብደት መቀነስ ክፉ ነገር አይደለም፤ ግን ሚዛኑ ላይ የሚታየውን ቁጥር እየጠበቅን ከሆነ ጾማችን ለማን እንደሆነ ራሳችንን እንጠይቅ።

የተተወውን ቦታ ባዶ መተው

በአንድ ዓመት ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ስልክ ላልነካ ወሰንኩ። መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። የመጀመሪያው ምሽት እጄ ሳላስበው ሦስት ጊዜ ወደ ኪሴ ሄደ። ከዚያ ምን ላድርግ? ቴሌቪዥን ከፈትኩ። ሰዓቱ ከአንዱ መስታወት ወደ ሌላው ተዛወረ እንጂ ለእግዚአብሔር የደረሰው ነገር አልነበረም። በአራተኛው ምሽት ቀድሞ ስልኩን አስቀምጥበት በነበረው ጠረጴዛ ላይ መቁጠሪያዬን አኖርኩት። እጄ እንደ ልማዱ ሲዘረጋ ያገኘው ፍሬዎቹን ነበር። ጾሙ ጾም የሆነልኝ ከዚያ ምሽት ጀምሮ ነው።

ገንዘብም እንዲሁ ነው። ከተውነው ነገር የተረፈው በኪሳችን ከቀረ ቁጠባ ሆኗል፤ ለተቸገረ ይድረስ። በ5ኛው መቶ ዘመን የኖረው ቅዱስ ጴጥሮስ ክሪሶሎጎስ ጸሎት፣ ጾምና ምሕረት የማይነጣጠሉ መሆናቸውን ያስተማረው ለዚህ ነው።

ዋጋውን ቤተሰብ እንዲከፍል ማድረግ

ጾመኛው ይቆጣል፣ ይነጫነጫል፣ ቤቱ ሁሉ ፊቱን እያየ ይሳቀቃል። ጌታ በማቴዎስ ምዕራፍ 6 ስትጾም ራስህን ተቀባ፣ ፊትህንም ታጠብ ያለው ለሰው እንዳንታይ ነው። እኔ ግን ቃሉን ሳነብ ቤተሰቤም ትዝ ይሉኛል፤ የታጠበ ፊት ለእነሱም ዕረፍት ነው። ትዕግሥት እያሳጣ ያስቸገረ ውሳኔ ካለ ቀለል አድርጎ መቀየር ነውር የለውም።

በእሁድ መከራከር

ከዐመድ ረቡዕ እስከ ቅዳሜ ሹር 46 ቀን ነው፤ 6ቱ እሁዶች ሲቀነሱ 40 ይሆናል። እሁድ የትንሣኤ ቀን ስለሆነ የተውከውን ጣፋጭ ብትቀምስ ቃልህን አላፈረስክም፤ ባትቀምስም መልካም። የተውከው ሐሜት ከሆነ ግን እሁድም ሐሜት ሐሜት ነው።

አንዴ ወድቆ መተው

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። አንድ ቀን ያመለጠው ሰው «አንዴ ተበላሽቷል፣ ለከርሞ ይሁን» ይላል። ሌላው በበነጋው እጥፍ አድርጎ ሊክስ ይሞክራል፤ እሱም ይደክመውና ያቆማል። ዓርብ ዓርብ የመስቀልን መንገድ ስንጸልይ ከ14ቱ ምዕራፎች በ3ኛው፣ በ7ኛውና በ9ኛው ጌታ ይወድቃል። ሦስቴም እንደወደቀ አልቀረም፤ ተነሥቶ ያንኑ መስቀል ተሸክሞ ቀጠለ።

ባለፈው ጾም በአራተኛው ሳምንት መሳቢያውን ከፍቼ ስልኩን አወጣሁ። ስዘጋው ሌሊት 6 ሰዓት ሊሆን ነበር። አፈርኩ፣ «ለነገ ይሁን» ልልም አሰብኩ። ከዚያ ስልኩን መልሼ ከተትኩት፤ መቁጠሪያውን አንሥቼ አሥሯን ፍሬ ብቻ ጸለይኩና ተኛሁ።