ዋግ የሚቋቋም ስንዴ፦ ከወሬያችንም ከሥራችንም መውጣት ያለባቸው ስህተቶች

አራት ኪሎ ሻይ ይዞ ከሚቀመጠው ሰው ብዙው አርሲ፣ ባሌ ወይም ሸዋ ስንዴ የሚዘራ ዘመድ አለው። የዳቦ ዋጋ ከተነሳ ወሬው ወደ ማሳ ይሄዳል፤ ከማሳ ደግሞ ወደ ዘር። «ዋግ የማይነካው ዘር ወጥቷል አሉ።» «ያኛውማ ተበላሸ።» ከሳይንስ ፋኩልቲው የሚወጡ ተማሪዎችም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ስለ ጂን ይከራከራሉ። ሁለቱም ወገን ብዙ ጊዜ የሚስተው አንድ ነገር ነው። መቋቋም የስንዴው ብቻ ጠባይ አይደለም፤ በስንዴውና ዋጉን በሚያመጣው ፈንገስ መካከል ያለ ጉዳይ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ምንጫቸው ይኸው ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

«ዋግ ዋግ ነው»

አይደለም። ስንዴን የሚመቱት ዋጎች ሦስት ናቸው፤ ቢጫ ዋግ፣ የቅጠል ዋግና የግንድ ዋግ። ሦስቱም የተለያዩ ፈንገሶች ናቸው። ቢጫው ብርድ ይወዳል፤ ደጋ ላይ ይበረታል፤ ቅጠሉ ላይ በመስመር ይደረደራል። የግንዱ ሞቅ ሲል ይመጣና አገዳውን ሰንጥቆ ቀይ ቡናማ ዱቄት ያወጣል። የመቋቋም ጂኖቹም ስም የሚወጣላቸው በበሽታው ነው። ኤስአር ለግንድ፣ ኤልአር ለቅጠል፣ ዋይአር ለቢጫ። «ይቋቋማል» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ መጀመሪያ «የትኛውን?» በሉት።

«አንዴ ከተቋቋመ ሁሌም ይቋቋማል»

ዋናው ስህተት ይህ ስለሆነ ትንሽ ረዘም ላድርገው።

የዋግ ፈንገስ የሚኖረው በሕይወት ያለ ሴል ላይ ብቻ ነው። ቅጠሉ ላይ ያረፈችው ስፖር፣ ማለትም እንደ ዘር የምታገለግለው የፈንገሱ ብናኝ፣ ትበቅላለች፤ ከዚያ ወደ ቅጠሉ ገብታ ወደ ሴሎቹ የራሷን ፕሮቲኖች ትልካለች። የእነዚህ ፕሮቲኖች ሥራ የስንዴውን መከላከያ ማደንዘዝ ነው። አብዛኞቹ የመቋቋም ጂኖች ደግሞ ከእነዚህ ፕሮቲኖች አንዱን ለይቶ የሚያውቅ ተቀባይ ይሠራሉ። ተቀባዩ ካወቀው የተጠቃው ሴል ራሱን ይገድላል። ሴሉ ሲሞት ፈንገሱ የሚበላው ያጣል። ቅጠሉ ላይ የሚቀረው የመርፌ ጫፍ የምታህል የነጣች ነጥብ ብቻ ነው።

የአንድን ሌባ ፊት ብቻ የሚያውቅ ዘበኛ አስቡ። ሌባው ፊቱን ቢቀይር ዘበኛው አልሰነፈም፣ አልታመመም፤ ግን አያውቀውምና ያሳልፈዋል። ፈንገሱም የሚታወቅበትን ፕሮቲን በሚውቴሽን፣ ማለትም በድንገተኛ የጂን ለውጥ፣ ከቀየረው ወይም ከጣለው ያልፋል። አሜሪካዊው ሃሮልድ ፍሎር በ1940ዎቹ በተልባና በተልባ ዋግ ላይ ያሳየው ይህንኑ ነው። በተክሉ ውስጥ ላለ ለእያንዳንዱ የመቋቋም ጂን በፈንገሱ ውስጥ ተጣማጅ ጂን አለ። አንድ የታመመ ማሳ የሚያወጣው ስፖር ቁጥር ስፍር የለውም። በጣም ብርቅ የሆነ ሚውቴሽን እንኳ አንድ ቦታ መከሰቱ አይቀርም። የቀረውን ነፋስ ይጨርሰዋል።

ኤስአር31ን እንውሰድ። ራይ ከሚባል የስንዴ ዘመድ የመጣ ጂን ነው። ለአስርት ዓመታት ብዙ አገር ተመክቶበት ነበር። በ1998 ኡጋንዳ ውስጥ የተገኘው ዩጂ99 የሚባል የግንድ ዋግ ዓይነት ሰበረው። ወደ እኛ ስንመጣ ደግሞ ዲገሉ አለ። በ2005 የተለቀቀ የዳቦ ስንዴ ነው። ቢጫ ዋግን ይቋቋም ነበር፤ ዩጂ99ንም ይቋቋም ነበር። ገበሬው ወደደው፣ በሰፊው ዘራው። በ2013 መጨረሻ ላይ ባሌና አርሲ ውስጥ የግንድ ዋግ ድራሹን አጠፋው። የመታው ዩጂ99 አልነበረም። ቲኬቲቲኤፍ የሚባል ሌላ ሬስ ነበር። ሬስ የሚባለው በአንዱ ፈንገስ ውስጥ ያለ፣ የትኞቹን ጂኖች እንደሚያልፍ በመለየት የሚታወቅ ዓይነት ነው። ዲገሉ የተመካበት ኤስአርቲኤምፒ የሚባለው ጂን ይህን ሬስ አያውቀውም። ጂኑ እዚያው ነበር፤ ፊቱ ግን ሌላ ሆነበት።

«ዘሩ አርጅቷል»

እንዲህ ያለ ዓመት ሲመጣ ከገጠር የሚደወለው ስልክ ተመሳሳይ ነው። «ጋሼ፣ የላክልን ዘር አርጅቷል መሰለኝ፤ ዋግ አነደደው።» ዘር ሊቀላቀል ይችላል፣ የመብቀል ኃይሉም ሊደክም ይችላል። ስንዴ ግን በአብዛኛው በራሱ የአበባ ብናኝ የሚያፈራ ተክል ነውና ጂኑ ከዓመት ዓመት እንዳለ ይወርዳል። የተለወጠው ፈንገሱ ነው። ይህን መለየት ገንዘብ ያድናል። ዘሩ ተቀላቅሎ ከሆነ የዚያኑ ዝርያ ንጹሕ ዘር ማምጣት ይበቃል። ጂኑ ከተሰበረ ግን አዲስ ከረጢት መግዛት ትርጉም የለውም፤ መቀየር ያለበት ዝርያው ነው።

«ዋግ ካየሁበት እጥለዋለሁ»

ይህ ደግሞ የተማሪዎች ስህተት ነው። መራጩ ማሳ ውስጥ ይገባል፤ ንጹሕ የሆነውን ይይዛል፣ ነጠብጣብ ያለበትን ሁሉ ይጥላል። ብዙ ጊዜ የሚጥለው ዕድሜ ያለውን መቋቋም ነው።

ሁለት የላይ ቅጠሎች ጎን ለጎን ያዙና እዩ። የመጀመሪያው በዋግ ተሸፍኗል፤ በአውራ ጣት ሲጠርጉት ጣትን ያቀልማል። ሁለተኛውም ዋግ አለበት። ግን ቁስሎቹ ጥቂትና ትናንሽ ናቸው፤ በመካከላቸው ሰፊ አረንጓዴ ይታያል። የቅጠሉ ጫፍ ደግሞ እንደመድረቅ ብሏል። ይህኛው ኤልአር34 የሚባለውን ጂን የያዘ ሊሆን ይችላል። ኤልአር34 ፈንገሱን ፊቱን አይቶ አይደለም የሚከላከለው። የሚያዘገየው ነው። ዋጉ ይገባል፣ ግን እርምጃው ቀርፋፋ ይሆናል፤ የሚያወጣው ስፖርም ያንሳል። ከቅጠል ዋግ ሌላ ቢጫውን፣ የግንዱንና አመዳይ መሳይ የሆነውን የቅጠል በሽታ ጭምር ይቀንሳል። ለዚህም ነው ዋይአር18 እና ኤስአር57 የሚሉ ስሞች ያሉት። ለረጅም አስርት ዓመታት ተዘርቶ ፈንገሱ እስካሁን መላ አላገኘለትም። የጂኑ ማንነት የታወቀው በ2009 ነው።

ኤስአር2ም እንዲሁ ነው። አሜሪካዊው ማክፋደን ከኤመር፣ እኛ አገር አጃ ከሚባለው ጥንታዊ ስንዴ፣ ወደ ዳቦ ስንዴ ያሻገረው ጂን ነው። ይህ ጂን ያለበት ስንዴ ብዙ ጊዜ ገለባውና ከአንጓው በታች ያለው አገዳ ይጠቁራል። ጥቁረቱ በሽታ አይደለም። «ይህ ታሟል» ተብሎ ስንት ጥሩ ዛላ ተነቅሎ እንደተጣለ ሳስብ ያንገበግበኛል።

እነዚህ ጂኖች ጎልተው የሚሠሩት ተክሉ ሲያድግ ነው። ግሪንሃውስ ውስጥ ቡቃያ ላይ ብቻ ፈትኖ «አይቋቋምም» ብሎ መዝጋት ስለዚህ አያዋጣም። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። አዝጋሚ ጂን ብቻውን ሲሆን በከባድ ወረርሽኝ አይበቃም። ሦስት አራት ሆነው ሲደራረቡ ነው ማሳውን ከሞላ ጎደል ንጹሕ የሚያደርጉት።

ሲደራርቡ የሚሳሳቱት ሒሳብ

መደራረብ ጥሩ ነው ብለን ተስማማን እንበል። ተማሪው ሁለት ወላጆችን ያዳቅላል፤ በሁለተኛው ትውልድ ሃምሳ ተክል ይዘራል፤ ከዚያ አራት ጂን ያሟላውን ይፈልጋል። ጂኖቹ በተለያየ ክሮሞዞም ላይ ካሉ፣ አንዱን ጂን ከሁለቱም ወገን የያዘ ተክል የሚገኘው ከአራት አንድ ነው። ለአራት ጂን ከ256 አንድ ይሆናል። በሃምሳ ተክል ይህን መጠበቅ ዕጣ መቁረጥ ነው።

«መቋቋም ሁሌ ዶሚናንት ነው»፣ ማለትም ከአንድ ወላጅ ብቻ ቢወረስም ይታያል፣ የሚለውም ልማድ ነው። እንግሊዛዊው ሮላንድ ቢፈን በ1905 የቢጫ ዋግ መቋቋም የሜንዴልን ሕግ እንደሚከተል ሲያሳይ፣ የእርሱ ጂን ሪሴሲቭ ነበር፤ ከሁለቱም ወላጅ ካልተወረሰ አይታይም። በመጀመሪያው ትውልድ ሁሉም ታመመ፤ በሁለተኛው ከአራት አንዱ ዳነ። የመጀመሪያውን ትውልድ አይቶ ተስፋ የቆረጠ ሰው ሥራውን እዚያው ይቀብረው ነበር።

ሌላም ወጥመድ አለ። ከጂኖቹ አንዱ ብርቱ ከሆነ ተክሉ ፍጹም ንጹሕ ይሆናል። ከሥሩ ሌሎቹ ይኑሩ አይኑሩ በዓይን አይለይም። የጂኑን መኖር የሚጠቁም የዲኤንኤ ምልክት፣ ማርከር፣ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ብርቱውን ጂን ብቻውን በሌላ ዝርያ መልቀቅም ጥፋት ነው፤ ፈንገሱ እዚያ ይለማመድና የደራረባችሁት ላይ አንዱን አጥር አልፎ ይመጣል።

«አንድ ቦታ ፈትኜዋለሁ»

የዱረም ስንዴ፣ ማካሮኒ የሚሠራበት፣ ታሪክ ይበቃል። ለዩጂ99 ተብሎ ኬንያ ንጆሮ ላይ ሲፈተን ብዙው አለፈ። ደብረ ዘይት ላይ ሲዘራ ግን ከዚያው ውስጥ ብዙው ወደቀ። ደብረ ዘይት ላይ ጄአርሲኪውሲ የሚባል፣ ዱረም የሚተማመንባቸውን ኤስአር13ንና ኤስአር9ኢን የሚያልፍ ሬስ አለ። ገና በማዳቀል ላይ ያሉ የዱረም መስመሮች ከውጭ እንኳ ደብረ ዘይት ድረስ መጥተው የሚፈተኑት ለዚህ ነው። አንድ ማሳ የሚነግራችሁ እዚያ ስለነበረው ሬስ ብቻ ነው። የፈተና ማሳን ፀረ ፈንገስ መርጨትማ ፈተናውን መሰረዝ ነው።

«የአያቶቻችን ዘር አይታመምም»

ሩሲያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቫቪሎቭ በ1927 አዲስ አበባ የመጣው የስንዴያችንን ሀብት ፍለጋ ነው፤ ሀብቱም እውነተኛ ነው። ኤስአር13 ራሱ በእኛ ዱረም ውስጥ ይገኛል። ግን አገር በቀል ዘር ሁሉ ተቋቋሚ አይደለም። ከዋግ ጋር አብሮ የኖረ ነው፤ አንዳንዱ ይዟል፣ አንዳንዱ አልያዘም። በጂን ባንክ ያለውን ዛላ በዛላ መፈተሽ እንጂ በደፈናው መመካት አይጠቅምም።

«ሁሉም የሚዘራውን ዝሩ»

ከከተማ ወደ ገጠር የሚሄድ ምክር ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ኩብሳ የሚባለው የዳቦ ስንዴ ዝርያ በ2010 ላይ እንዲህ ነበር። ምርቱ ጥሩ ስለነበረ ማሳ ከማሳ ያያያዘው እርሱ ሆነ። መቋቋሙ የቆመው ዋይአር27 ላይ ነበር። ያን የሚያልፍ ቢጫ ዋግ ዝናቡ ተመችቶት ሲነሳ የሚያቆመው አጥር አልነበረም፤ ጎረቤቱም፣ የጎረቤቱ ጎረቤትም ኩብሳ ነበር። ዘመድ ሲጠይቃችሁ «እናንተ አካባቢ የበዛው የቱ ነው?» በሉና ጂኑ የተለየውን ምከሩ።

ናሙና በፌስታል

የመጨረሻው ትንሽ ይመስላል። አዲሱን ሬስ ቀድሞ ለማወቅ የዋግ ናሙና አምቦ የግብርና ምርምር ማዕከል ላይ ይመረመራል። ሰው ግን ቅጠሉን በፌስታል ቋጥሮ አውቶቡስ ላይ ይጭናል። አዲስ አበባ ሲደርስ ላብ ጠጥቶ ሻግቷል፤ ስፖሩም ሞቷል። በወረቀት ፖስታ አድርጉት። የግንድ ዋግ ከሆነ አገዳውን አጠር አጠር አድርጋችሁ ቁረጡ፤ ጥላ ላይ ይናፈስ። ፖስታው ላይ የዝርያውን ስም፣ ቦታውንና ቀኑን ጻፉ። የዝርያው ስም ከቀረ ናሙናው ግማሽ ጥቅሙን ያጣል፤ የትኛው ጂን እንደታለፈ የሚጠቁመው እርሱ ነውና።