በበዓል ቀን ኦልድ ራግ ተራራን ለሚወጡ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ የምንኖር ኢትዮጵያውያን እንደ ሌበር ዴይ ያለ የሥራ ዝግ ቀን ሲመጣ ከምንመርጣቸው የእግር ጉዞዎች አንዱ በቨርጂኒያ፣ በሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለው የኦልድ ራግ ተራራ ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ተራራውን መናቅ ነው። «እንጦጦን ስንወጣና ስንወርድ ላደግን ሰዎች ይህ ምን አለው?» የሚል ሰው ከየቡድኑ አይጠፋም። በእርግጥ ጫፉ ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ ብቻ ሲሆን፣ አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ነገር ግን የመንገድ ክብደት በባሕር ወለል አይለካም። ዙሪያ መንገዱ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ከጫፉ በፊትም በእጅና በእግር እየተቧጠጡ የሚያልፏቸው ግዙፍ የግራናይት ቋጥኞች አሉ፤ በዚያ ላይ የደጋ አየር የለመደ ሰው የቨርጂኒያን የበጋ ወበቅ ፈጽሞ አይገምተውም። ከአገር ቤት ከመጣ ብዙም ያልቆየ የወዳጄ ወንድም ሶሉ ያለቀ ጫማ አድርጎ መጥቶ፣ በሁለት ቋጥኞች መካከል ባለ ጠባብ ስንጥቅ ውስጥ እግሩ እየተንሸራተተ፣ ጀርባውን ከአንዱ ድንጋይ ጉልበቱን ከሌላው ጋር አጣብቆ ቆሞ አይቻለሁ። በበዓል ቀን ከኋላ ረጅም ሰልፍ ስላለ ወደ ኋላ መመለስ አልቻለም፤ ሁለት ሰዎች ከላይ ጎትተው አወጡት። ጎበዝ ልጅ ነበር፤ ጥፋቱ የእርሱ ሳይሆን ምን ዓይነት መንገድ እንደሚጠብቀው ሳይነግሩት ያመጡት ሰዎች ነው።

አዛውንትና ሕፃናት ካሉ በዚያው ፓርክ ውስጥ ያለው ስቶኒ ማን ተራራ ይሻላል። ከባሕር ወለል ከ1,200 ሜትር በላይ ስለሆነ ከኦልድ ራግ ይበልጣል፤ ደርሶ መልሱ ግን ሦስት ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ሸለቆውም ከላይ ወለል ብሎ ይታያል።

ሁለተኛው ስህተት ያለ ትኬት መሄድ ነው። ከማርች 1 እስከ ኖቬምበር 30 ድረስ ኦልድ ራግን ለመውጣት ከፓርኩ መግቢያ ክፍያ ሌላ ለእያንዳንዱ ሰው በኢንተርኔት አስቀድሞ የሚገዛ ትኬት ያስፈልጋል፤ ለአንድ ቀን የሚሸጠውም 800 ብቻ ነው። በአካባቢው የስልክ ኔትወርክ ደካማ ስለሆነ ትኬቱን ቤት ሳሉ ስልክዎ ላይ ያስቀምጡት።

ፓርኩን አቋርጦ በሚያልፈው ዋና መንገድ፣ በስካይላይን ድራይቭ በኩል በመኪና ወደ ኦልድ ራግ መነሻ አይደረስም፤ መንገዱ ከፓርኩ በስተምሥራቅ ባሉት መንደሮች በኩል ነው።

ቁርስ ተበልቶና ቡና ተጠጥቶ ረፋድ ላይ መነሳትም አያዋጣም። ጉዞው ሰባት ስምንት ሰዓት ስለሚወስድ፣ ዘግይቶ የጀመረ ሰው ቋጥኞቹ ላይ የሚደርሰው ፀሐዩም ሰልፉም በበረታበት ሰዓት ነው። ቡናውን በፔርሙስ ይያዙት፤ ለየሰዉም ቢያንስ ሁለት ሊትር ውኃ ይያዙ።

ውሻ ወደ ኦልድ ራግ ማስገባት ክልክል ነው። ቤት ሲገቡ ደግሞ የልጆችን ብብት፣ የጉልበት እጥፋትና ከጆሮ ጀርባ ያለውን ቆዳ ለመዥገር ሳይፈትሹ አያስተኟቸው።