ሃርድ ዲስክዎ እየጮኸ ነው? ከምርመራው በፊት ፋይሉን ያውጡ

ኮምፒውተርዎ ከወትሮው የተለየ ድምፅ ማሰማት ከጀመረ፣ ለምርመራ አይቸኩሉ። መጀመሪያ ፎቶውን፣ የመመረቂያ ጽሑፉን፣ የሱቁን ሒሳብ ወደ ሌላ ዲስክ ወይም ፍላሽ ይገልብጡ። እኔ ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው። ቀጭ ቀጭ የሚል ዲስክ «እስቲ ምን ነካው?» ብዬ ሌሊቱን ሙሉ ሳስመረምረው አደርኩ፤ ጠዋት ኮምፒውተሩ ዲስክ መኖሩንም ረሳው። ሙሉ ምርመራ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ያስነብበዋል፤ ለደከመ ዲስክ ይህ ቀላል ሥራ አይደለም። ሲገለብጡም የማይተካውን ያስቀድሙ። ፊልሙ የትም አይሄድም።

ቀጥሎ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ይለዩ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው አቧራ የጠገበ ፋን ነው። ፋን ከባድ ፕሮግራም ሲከፈት ይጮሃል፣ ኮምፒውተሩ ሲያርፍ ይረግባል። ዴስክቶፕ ከሆነ ክዳኑን ይክፈቱና የፕላስቲክ እጀታ ያለው ካቻቢቴ ጫፉን በዲስኩ የብረት ሽፋን ላይ አሳርፈው እጀታውን ጆሮዎ ላይ ያድርጉ፤ መካኒክ ሞተር እንደሚያዳምጠው ማለት ነው። አረንጓዴውን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ግን አይንኩ። ኮምፒውተርዎ ያለው ኤስኤስዲ (SSD፣ ፋይልን በቺፕ ላይ የሚያስቀምጥ ዲስክ) ብቻ ከሆነ ውስጡ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለ ጩኸቱን ሌላ ቦታ ይፈልጉ።

የሃርድ ዲስክ ሳህኖች በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ ይሽከረከራሉ፤ አንባቢው ጭንቅላት ሳይነካቸው ከላያቸው ይንሳፈፋል። ስለዚህ ዝግ ያለ ሹክሹክታና ፋይል ሲከፈት የሚሰማ ጠር ጠር ማለት ጤናማ ነው። እንደ ሰዓት እየተደጋገመ «ቀጭ… ቀጭ… ቀጭ» ካለ ግን ጭንቅላቱ ቦታውን እየፈለገ፣ እያጣና እየተመለሰ ነው። ያኔ ኮምፒውተሩን ያጥፉ። ያልተገለበጠ ውድ ፋይል ካለ ወደ ባለሙያ ይውሰዱት እንጂ ዲስኩን ራስዎ አይክፈቱ፤ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ሳህኑን ለመፋቅ ትበቃለች። የማያቋርጥ ፉጨት ወይም መፋጨት ደግሞ የሞተሩን ማለቅ ያመለክታል። በዩኤስቢ የሚሰካ ዲስክ ጢጥ ጢጥ ካለ ኃይል አንሶት ሊሆን ስለሚችል ሌላ ገመድና ሌላ መሰኪያ ይሞክሩ።

አሁን ቁጥሩን እንይ። ዲስኮች ስማርት የሚባል የራሳቸው የጤና መዝገብ አላቸው። ዊንዶውስ ላይ በነፃ የሚገኘው ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ያነበዋል። (የካርቱን ልጃገረድ ሥዕል ያለበት እትም ቢያወርዱ አይደንግጡ፣ ያው ነው።) ሰማያዊ ደህና ነው፣ ቢጫ ማስጠንቀቂያ፣ ቀይ መጥፎ። ቀለሙን ብቻ አይመኑ፤ 05፣ ሲ5 (C5) እና ሲ6 (C6) የሚል መለያ ያላቸውን ሦስት መስመሮች ፈልገው የመጨረሻውን ዓምድ ያንብቡ። 05 ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተተኩ ሴክተሮች (መረጃ የሚቀመጥባቸው የዲስኩ ጥቃቅን ክፍሎች) ናቸው፤ ሲ5 ለማንበብ ያስቸገሩና ውሳኔ የሚጠብቁ፤ ሲ6 ደግሞ ሊነበቡ ያልቻሉ። በጤናማ ዲስክ ሦስቱም ዜሮ ናቸው። ሲ7 (C7) ከጨመረ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የኬብሉ ነው፤ ነቅለው ይሰኩት ወይም ይቀይሩት። የሲጌት ዲስክ በ01 መስመር ላይ ግዙፍ ቁጥር ቢያሳይ ደግሞ የአቆጣጠሩ ባህሪ ነው።

ሁሉም ዜሮ ሆኖ ጩኸቱ ከቀጠለስ? ጆሮዎን ይመኑ። የጉግል ተመራማሪዎች በ2007 ባወጡት ጥናት ከተበላሹት ዲስኮች ከ36 በመቶ በላይ የሚሆኑት በስማርት መዝገባቸው ምንም የስህተት ምልክት አላሳዩም ነበር።

ፋይሉ ከወጣ፣ ቀጭ ቀጭታም ከሌለ፣ እንደ ሲቱልስ ባለ ፕሮግራም ረጅሙን ምርመራ ያስጀምሩ። ባለ 1 ቴራባይት ዲስክ ጥቂት ሰዓታት ይፈጃል፤ ላፕቶፑ ቻርጀር ላይ ይሁን፣ እንቅልፍ የሚያስተኛውንም ቅንብር ያጥፉ። ምርመራውን ከወደቀ ዲስኩን ይቀይሩ። ካለፈ ግን የሦስቱን መስመሮች ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፈው ከሳምንት በኋላ እንደገና ይዩት። ባለበት የቆመ ቁጥር ያን ያህል አያስጨንቅም፤ እየጨመረ ከሄደ አዲስ ዲስክ ይግዙ።